ጆን ስቱዋርት ሚል እና የደስታ ሚዛን

ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1806 በለንደን ተወለደ። አባቱ ጄምስ ሚል የጄረሚ ቤንታም ወዳጅና የሐሳቡ ተከታይ ነበር። የቤንታም አስተምህሮ ዩቲሊታሪያኒዝም ይባላል፤ የአንድ ድርጊት ትክክለኛነት የሚመዘነው ለሚመለከታቸው ሁሉ በሚያስገኘው ደስታና በሚያስከትለው ሥቃይ ነው ይላል። በዚህ ስሌት የባለጸጋው ደስታ ከድኻው ደስታ አይበልጥም። አባትየው ልጁን የዚህ አስተምህሮ ወራሽ ለማድረግ በ3 ዓመቱ ግሪክኛ፣ በ8 ዓመቱ ላቲን አስጀመረው።

ሚል በ20 ዓመቱ፣ በ1826፣ ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ያዘው። የሚደክምለት ማኅበራዊ ለውጥ ሁሉ ቢፈጸም ደስተኛ ይሆን እንደሆነ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱም አሉታዊ ሆነ። ካገገመበት ምክንያት አንዱ የዎርድስዎርዝን ግጥም ማንበቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደስታ የሚገኘው ሌላ ዓላማ ሲከተሉ እንጂ እርሱኑ ሲያሳድዱት እንዳልሆነ አመነ።

ይህ ልምድ በ1863 በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ዩቲሊታሪያኒዝም» ውስጥ ይታያል። ቤንታም ደስታዎችን በመጠን ብቻ ሲለይ፣ ሚል በዓይነትም ለይቶ የአእምሮን ደስታ ከሥጋዊው አስበለጠ። ማሻሻያው አስተምህሮው ሰውን ከእንስሳ አይለይም ለሚለው ነቀፌታ መልስ ሰጠ፤ ሆኖም ዓይነትና መጠን በአንድ ሚዛን እንዴት እንደሚደመሩ አላሳየም።

ሌላው ክርክር የሚመዘነው እያንዳንዱ ድርጊት ነው ወይስ ደንብ የሚለው ነው። ድርጊት ብቻ ከተመዘነ ብዙኃንን ለማስደሰት ንጹሕን ሰው መቅጣት ሊፈቀድ ይችላል፤ ደንብ ከተመዘነ ደግሞ ደንቡ በሚጎዳበት ጊዜም መጠበቅ ግድ ይላል። ሚል ፍትሕን ከጥቅሞች ሁሉ የጸና አድርጎ በማስቀመጥ ችግሩን ለመፍታት ሞከረ፤ ተንታኞች ግን ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ዛሬም አልተስማሙም።

የአስተምህሮው ብርታትም ድክመትም በሚል ሕይወት ተፈትኗል። በ1867 የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሳለ ለሴቶች የመምረጥ መብት ተከራክሮ በ196 ድምፅ ለ73 ተሸነፈ። የሁሉም ደስታ እኩል ይቆጠር የሚለው መርሕ ከዘመኑ ልማድ አስቀድሞት ነበር። በአንጻሩ ከ1823 እስከ 1858 የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል፤ ኋላ ቀር ለሚላቸው ሕዝቦችም ለጥቅማቸው እስከሆነ ድረስ ፍጹማዊ አገዛዝን ፈቅዷል። ሁሉም እኩል የሚቆጠርበት ስሌት ቆጣሪው ማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ሚል በ1873 በፈረንሳይ አቪኞ ከተማ አርፎ በባለቤቱ በሃሪየት ቴይለር መቃብር ተቀበረ።