ሻርል ሻምበርላንና የምርምር እንስሳት ቤት ንጽሕና

ለምርምር የሚያገለግሉ እንስሳት በሚኖሩበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ድካም የሚጠይቀውና ከሁሉ ያነሰ ምስጋና የሚያገኘው ሥራ ጽዳት ነው። የአይጦችና የጥንቸሎች ማኖሪያ ሣጥን፣ የውሃ ጠርሙስና የሚተኙበት ሰጋቱራ በሚገባ ካልጸዳ፣ ያልታሰበ በሽታ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ይዛመትና የብዙ ወራት የምርምር ውጤት እምነት የማይጣልበት ይሆናል። ይህ ሥራ ከፈላ ውሃ ወደ ተጨመቀ እንፋሎት እንዲሸጋገር መንገድ የከፈተው ሰው ስሙ በመምህሩ በሉዊ ፓስተር ዝና ተሸፍኖ ስለ ቆየ፣ ታሪኩን በአጭሩ ማውሳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻርል ሻምበርላን በ1851 ዓ.ም. በምሥራቅ ፈረንሳይ በዡራ አውራጃ ተወለደ። ፓስተርም የዚያው አውራጃ ልጅ ነበር። ሻምበርላን በ1871 ዓ.ም. ፓሪስ በሚገኘው በታዋቂው የመምህራን ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ በኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ገባ። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በኒም ከተማ ጥቂት ጊዜ አስተምሮ፣ በ1875 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት ግቢ በነበረው የፓስተር ላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ባስቲያን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ከተፈላ ፈሳሽ ውስጥ ሕይወት በራሱ ሊፈጠር ይችላል እያለ ከፓስተር ጋር ይከራከር ነበር። የክርክሩ ቁልፍ በመሣሪያዎቹ ንጽሕና ላይ የተመሠረተ ሆኖ ተገኘ። ሻምበርላን ይህን ጉዳይ መርምሮ በ1879 ዓ.ም. ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር ስለሚያበጁ በ100 ዲግሪ ሙቀት መፍላት ብቻ እንደማያጠፋቸው፣ ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት እንደሚያስፈልግ አስረዳ።

ነገር ግን ውሃ በክፍት ድስት ውስጥ ምንም ያህል እሳት ቢነድበት ከመፍያው ሙቀት አያልፍም። ድኒ ፓፓን በ1679 ዓ.ም. የሠራውን የግፊት ድስት መሠረተ ሐሳብ በመከተል፣ ሻምበርላን ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ፣ የግፊት መለኪያና የደኅንነት ቫልቭ ያለው ዕቃ አዘጋጀ። ይህም አውቶክላቭ የሚባለው ነው። ግፊቱ ከባሕር ጠለል ከባቢ አየር በአንድ እጥፍ ሲበልጥ የእንፋሎቱ ሙቀት ወደ 121 ዲግሪ ይደርሳል። አንድ ኪሎ እንፋሎት በቀዝቃዛ ዕቃ ላይ ወደ ውሃ ሲለወጥ 2,200 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ስለሚለቅ፣ ከደረቅ ምድጃ ይልቅ በፍጥነት ይሠራል። ሆኖም በዕቃው ውስጥ የነበረው አየር አስቀድሞ ካልወጣ፣ መለኪያው ትክክለኛውን ግፊት እያሳየ ሙቀቱ ግን ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል።

በ1881 ዓ.ም. በፑዪ ለ ፎር መንደር በበጎች ላይ የተደረገው የአባ ሰንጋ ክትባት ሙከራ የፓስተርን ስም በዓለም አስጠራ። በሰኔ 2 ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ ሲመለከት፣ ያልተከተቡት በጎች ሲያልቁ የተከተቡት ግን ቆመው ታዩ። በዚያ ዕለት ድል ያደረገው ክትባት ሻምበርላን በፖታሲየም ዳይክሮሜት አዳክሞ ያዘጋጀው እንጂ፣ ሕዝቡ እንደ መሰለው በአየር ኦክሲጅን የተዳከመው የፓስተር ክትባት አልነበረም። ታሪክ ጸሐፊው ጄራልድ ጊሰን የፓስተርን የሥራ ደብተሮች መርምሮ በ1995 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው ገልጧል።

በ1884 ዓ.ም. ሻምበርላን ባክቴሪያን የሚያስቀር የሸክላ ማጣሪያ ሠራ። ሩና የርሲን በ1888 ዓ.ም. የዲፍቴሪያን መርዝ ከባክቴሪያው የለዩት፣ ኢቫኖቭስኪም በ1892 ዓ.ም. የትምባሆ ቅጠል በሽታ አምጪ በማጣሪያ እንደሚያልፍ ያሳየው በዚህ መሣሪያ ነው። የቫይረስ ጥናት ከዚያ ተነሣ። ሻምበርላን ከ1885 እስከ 1889 ዓ.ም. የዡራ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ሠርቷል። በ1888 ዓ.ም. በተመረቀው የፓስተር ተቋምም የንጽሕና ጥናት ክፍልን መርቶ፣ በ1904 ዓ.ም. ምክትል ዲሬክተር ሆነ። በ1908 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በደንብ በተደራጁ የምርምር እንስሳት ቤቶች ሣጥኖቹ በማጠቢያ መኪና ታጥበው 82 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ውሃ ይለቀለቃሉ፤ ከዚያም ልዩ ጥንቃቄ ለሚያሻቸው እንስሳት ባለ ሁለት በር አውቶክላቭ ውስጥ ይገባሉ። ያደፈው ዕቃ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ለእኛ ለደጋ አገር መሐንዲሶች ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የተለየ ክብደት አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚሰጠው የመለኪያ ግፊትም እዚህ የሚሰጠው 117 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ሲገዛም ሆነ አሮጌው ሲታደስ፣ ፋብሪካው በጻፈው የግፊት ቁጥር ብቻ መተማመን አይበቃም፤ በዕቃው ውስጥ ያለውን ሙቀት ራሱን መለካት ያስፈልጋል። ሻምበርላን ፈላ የተባለውን ሁሉ ጸድቷል ብሎ አላለፈም። እኛም ግፊቱ ሞላ የተባለውን ሁሉ ጸድቷል ብለን ልናልፍ አይገባም።