ኤድዋርድ ሩፔል፤ የስሜንን አዕዋፍና አራዊት የጻፈ ሰው

በአበርገሌ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ ሳያውቀው ወፍ ተመልካች ነው። ፍየሎቹ ቅጠል ሲቀነጥሱ እርሱ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥንብ አንሳው በሰማይ ሲዞር ያያል፤ ቆቅ ከቍጥቋጦ ሥር ስትጮኽ ይሰማል፤ ርግቦች ከገደሉ ወጥተው ወደ ማሽላው ማሳ ሲወርዱ በዐይኑ ይከተላቸዋል። አንዳንዶቹን በአማርኛ፥ አንዳንዶቹንም በኽምጣና ስም ይጠራቸዋል። ነገር ግን ያየውን ስለማይጽፈው፥ ማየቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል። ዛሬ የምናነበው ታሪክ ያየውን ሁሉ ስለ ጻፈ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ከአበርገሌ ወደ ፀሐይ መግቢያ በተከዜ ማዶ የሚገኘውን የስሜንን ተራራ ወጥቶ፥ በዚያ የሚኖሩትን አራዊትና አዕዋፍ አይቶ፥ ለዓለም አስታወቀ። ስሙ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በዚህ ታሪክ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሩፔል በ1794 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ባለቤት ነበረ፤ ልጁም በንግድ ሥራ እንዲሰማራ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ተጓዘ፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ ከሸቀጥ ይልቅ ወደ ምድረ በዳው፥ ወደ ወፉና ወደ ዓሣው አዘነበለ። ይሁን እንጂ ወዲያው ጓዙን ጭኖ ለመሄድ አልቸኰለም። ወደ ኢጣልያ ሄዶ በፓቪያ ከተማ በነበረው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት የሚሰጠውን ትምህርት ተማረ፤ በከዋክብት አንድ ሰው በምድር ላይ ያለበትን ስፍራ መለየትንም አወቀ። ባለጸጋ ሰው ዐዋቂ ከሆነ በኋላ እንደ ገና በተማሪ ወንበር ላይ መቀመጡ የሚደነቅ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘብ ካገኘ በኋላ መማር ውርደት ይመስለዋልና።

ከዚህ በኋላ ከ1822 እስከ 1827 ድረስ በኑብያ፥ በኮርዶፋንና በቀይ ባሕር ዳርቻ እየተዘዋወረ የየብሱን እንስሳ፥ የባሕሩንም ዓሣ ሰበሰበ። ወደ አገሩ ተመልሶ ጥቂት ካረፈ በኋላ ግን በ1830 እንደ ገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ አሳቡ ወደ ሐበሻ ደጋ ለመግባት ነበር። ቴዎዶር ኤርክል የሚባል ወጣት ረዳትም አብሮት ነበረ።

በ1831 ምጽዋ ደረሰ። ያ ዘመን ለአገራችን ክፉ ዘመን ነበረ፤ ዘመነ መሳፍንት ይባላል። በዚያው ዓመት የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በጦርነት ተሸንፎ ተገድሏል፤ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤም ኃይሉ እየበረታ ሄዷል። ነጋዴው ያለ ብዙ ጓደኛ በመንገድ አይሄድም፤ ወንበዴው ብዙ፥ ቀረጡም በየበሩ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የወፍ ላባ ለማየት ብሎ ተራራ የሚወጣ ሰው በብዙዎች ዘንድ እንደ ሞኝ የሚቈጠር ነው። ሩፔል ግን በትዕግሥት የነጋዴዎችን ጕዞ እየጠበቀ ከባሕር ዳር ወደ ደጋው ወጣ፤ በ1832ም ከትግሬ ተነሥቶ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ስሜን ገባ።

የተከዜን በረሃ የሚያውቅ ልጅ ይህን መንገድ ማስረዳት አያስፈልገውም። በሸለቆው ውስጥ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ከወንዙ ተነሥቶ ሽቅብ የወጣ ሰው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ጧት ጧት ውርጭ ከሚያነጣው ሜዳ ይደርሳል። ዕፀዋቱም እንዲሁ ይለወጣል። ከቈላው ግራር ወደ ወይራውና ወደ ጽዱ፥ ከዚያም ወደ አስታው፥ በመጨረሻም ጅብራ ብቻ ቆሞ ወደሚታይበት ከፍታ ይደረሳል። ወፉም ምግቡንና ማረፊያውን ተከትሎ ይለወጣል፤ የቈላው ወፍ በውርጩ ሜዳ አይገኝም፥ የደጋውም ወደ በረሃው አይወርድም። ስለዚህ ሩፔል አንድን ወፍ ባገኘ ጊዜ መልኩን ብቻ መጻፍ አይበቃውም ነበር፤ የተገኘበት ስፍራም መጻፍ ነበረበት። የአገሩን ከፍታም በመሣሪያ እየለካ ይመዘግብ ነበር።

በስሜን ያየው ነገር ብዙ ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ መንጋ ሆኖ ተቀምጦ ሣር በጣቱ እየነቀለ የሚበላውን፥ በደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለውን ጭላዳን አየ። በገደል ወገብ ላይ የሚሄደውን፥ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቈለመመውን ዋልያን አወቀ። በሜዳው ላይ አይጥ የሚያድነውን ቀይ ቀበሮም ጻፈ። የጭላዳና የዋልያ መግለጫ በ1835፥ የቀይ ቀበሮውም በ1840 ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የእንስሳት ሊቃውንት ለእያንዳንዱ ፍጥረት በላቲን ቋንቋ ሁለት ቃል ያለው ስም ይሰጣሉ፤ ይህም ስም በዓለም ሁሉ አንድ ነው። የጃፓን ሊቅም የእንግሊዝ ሊቅም የሚጠሩት በዚያው ስም ነው። ሩፔል ለጭላዳ ስም ባወጣለት ጊዜ ሁለተኛውን ቃል ጌላዳ አለው፤ ለዋልያም ዋሊ አለው፤ የቀይ ቀበሮውንም ሲሜንሲስ ብሎ በስሜን ስም ጠራው። የራሱን ስም ወይም የአንድ ንጉሥ ስም ሊያኖር ሲችል፥ የባላገሩን ቃል ጠብቆ አኖረው። የስሜን ሰው እንስሳውን እንዴት ብሎ እንደሚጠራው ጠይቆ ሰምቷልና። እንስሳቱን ያሳዩት የገጠር ሰዎችና አዳኞች ስማቸው አልተጻፈም፤ ይህ የሚያሳዝን ነው። ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት ሁሉ ይነበባል።

ከወፎችም ውስጥ እናንተ በየቀኑ የምታዩአቸው አሉ። መንቍሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፥ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቅ ቍራ በ1836 በሩፔል ተገልጦ ታተመ፤ ይህ ቍራ ከኢትዮጵያ፥ ከኤርትራና ከአጎራባቾቻቸው በቀር በሌላ አገር አይኖርም። በአንገቷ ዙሪያ ነጭ ቀለበት የመሰለ ምልክት ያላት፥ በገደልና በቤተ ክርስቲያን ጣራ የምታድር የደጋ ርግብ በ1837 ተጻፈች። በጕሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት፥ ረጅም ቈልማማ መንቍር ያለው፥ መንጋ ሆኖ እየበረረ አገሩን በጩኸት የሚሞላው የደጋ ወፍም በዚያው ዓመት ታተመ። በገደላገደሉ ቍጥቋጦ ውስጥ የምትሮጠውን ትልቅ ቆቅ ደግሞ ሩፔል በረዳቱ ስም የኤርክል ቆቅ አላት፤ ይህም በ1835 ነው። ጌታው በመጽሐፉ የሎሌውን ድካም እንዲህ ማስታወሱ ደግ ሥራ ነው።

በአገራችን ወፍን በትኵረት መመልከት በሩፔል አልተጀመረም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከሦስት ወፎች እንደ ሰማ ይነገራል፤ የኖረባቸው የመጨረሻ ዓመታትም በስሜን ተራራ እንደ ነበሩ ይተረካል። ያሬድ የወፉን ድምፅ ሰማ፤ ሩፔል ደግሞ ላባውን ቈጠረ።

ከስሜን ወርዶ ወደ ጐንደር ሄደና ብዙ ወራት ተቀመጠ። በዚያም ሊቅ አትቁ ከሚባሉት ታላቅ ሊቅ ጋር ተወዳጀ፤ ስለ አገሩ ታሪክም ከእርሳቸው ብዙ ተማረ፤ የግእዝ መጻሕፍትም ገዝቶ ወሰደ። መጻሕፍቱ ዛሬ በፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ተጠብቀው መኖራቸው መልካም ነው፥ ከጐንደር ተማሪ ዐይን መራቃቸው ግን መልካም አይደለም። በ1833 በአክሱም በኩል አድርጎ በድንጋይ የተቀረጸውን ጽሕፈት ገልብጦ ወደ ባሕር ወረደ።

አሁን ስለ አሠራሩ እንናገር፤ ይህን ማወቅ ይገባልና። በዚያ ጊዜ ወፍን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወፉን ይገድለው ነበር። በጠመንጃ ከመታው በኋላ ቈዳውን ከነላባው በጥንቃቄ ይገፍፋል፤ ብል እንዳይበላው በመርዝ ይቀባዋል፤ ውስጡንም በጥጥ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የተገኘበትን ስፍራና ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከእግሩ ላይ ያስራል። ወረቀቱ ከጠፋ ቈዳው ዋጋ የለውም፤ ከየት እንደ መጣ የሚናገር የለምና። ሩፔል ይህን ሁሉ በድንኳን ውስጥ፥ በዝናምና በብርድ፥ በጦርነት በሚታመስ አገር ይሠራ ነበር።

ፎቶግራፍ ቢኖርስ ኖሮ? አልነበረም። ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ የፎቶግራፍን ጥበብ በፓሪስ ያስታወቀው በ1839 ነው፤ ይኸውም ሩፔል ከስሜን ከወረደ ከዓመታት በኋላ ነው። በመጀመሪያም መሣሪያው ለአንድ ሥዕል ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ወፍ ደግሞ እንደ ቤት ቆሞ አይጠብቅም። የሚበረውን ወፍ በአየር ላይ እንዳለ የሚይዝ ፎቶግራፍ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ ሩፔል ስለ ገደላቸው ወፎች ልንፈርድበት አንችልም። ዛሬ ግን ሩቁን የሚያቀርብ መነጽርና ፎቶግራፍ ማንሻ ያለው ሰው ወፉን ሳይነካ መልኩን ይወስዳል፤ ወፉም ወደ ጎጆው ይመለሳል። መነጽርም ሆነ ፎቶግራፍ ማንሻ የሌለው ልጅ እንኳ እርሳስና ደብተር ካለው ብዙ ይሠራል። የተከዜ ግድብ በ2009 ተፈጽሞ ውኃው ወደ ኋላ ከተኛ ወዲህ፥ በአበርገሌ ዳርቻ ትልቅ ሐይቅ ሆኗል፤ የውኃ ወፎችም ይወርዱበታል። ገና ሲነጋ ከዳር ተቀምጦ፥ ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ የመጣውን ወፍ ቀለም፥ መንቍር፥ እግርና ቍጥር የሚጽፍ ልጅ ሩፔል የሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ወንጭፉን ግን ከቤት ይተወው።

ሩፔል በ1834 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። የሰበሰበውን ሁሉ አልሸጠም፤ ዜንከንበርግ ለሚባለው ለፍራንክፈርት የሥነ ፍጥረት ቤተ መዘክር ሰጠው። ከዚያም ተቀምጦ ጻፈ። የሐበሻን እንስሳት የሚገልጠው መጽሐፉ ከ1835 እስከ 1840፥ የጕዞው ታሪክ ከ1838 እስከ 1840፥ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች የሚዘረዝረው መጽሐፍ በ1845 ታተመ። በ1839 የለንደን የመልክዐ ምድር ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ጠባዩ ግን ለስላሳ አልነበረም፤ ከቤተ መዘክሩ ሰዎች ጋር ተጣልቶ ከእነርሱ ራቀ፤ በእርጅናው የሚመረምረው ጥንታዊ ገንዘብን ነበር። በ1884 በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ ሞተ።

በ1852 ብሬም የሚባል ሌላ ጀርመናዊ አንዱን የአፍሪካ ጥንብ አንሳ በሩፔል ስም ጠራው። ይህ ወፍ በገደል ላይ ጎጆ የሚሠራ፥ ላባው ዳር ዳሩ እንደ ቅርፊት ነጭ የሆነ ነው። በ1973 ከኮት ዲቯር በላይ 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚበር አውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ በተገኘው ላባ የሩፔል ጥንብ አንሳ መሆኑ ታወቀ። ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ ላይ የታወቀ ሌላ ወፍ የለም፤ ከራስ ዳሽንም ከእጥፍ በላይ ይርቃል። አውሮፕላኑ በደኅና አረፈ፤ ወፉ ግን ሞተ።

የዚህ ወፍ ቍጥር በአፍሪካ ሁሉ እጅግ እየቀነሰ ስለ ሄደ፥ በ2015 ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት መካከል ተመዘገበ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ለጅብ ተብሎ መርዝ የተጨመረበትን ሬሳ በልቶ ነው። አንድ የተመረዘ ፍየል ብዙ ጥንብ አንሶችን በአንድ ቀን ይጨርሳል። እነርሱም ካለቁ የሞተው ከብት በየሜዳው ይከረፋል፤ ውሻውና ጅቡ ይበዛል፤ በሽታም ይከተላል። ሩፔል የጻፈው ቀይ ቀበሮም ዛሬ በኢትዮጵያ ሁሉ ለአቅመ መውለድ የደረሰው ከአምስት መቶ አይሞላም። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተመሠረተ፤ በ1978ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ሩፔል ያመጣቸው ቈዳዎች እስከ ዛሬ በፍራንክፈርት አሉ። ጥንብ አንሳውን በሕይወቱ ለማየት የሚፈልግ ግን ወደዚያ መሄድ አያስፈልገውም። ገደሉ ፀሐይ ካልሞቀው ጥንብ አንሳ አይነሣም፤ ክንፉን የሚያነሣለት ከሞቀው ድንጋይ የሚወጣው አየር ነውና። ስለዚህ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በገደሉ ፊት ለፊት መቀመጥ ይገባል። መጀመሪያ አንዱ ይነሣል፤ ሲዞር ያዩት ሌሎቹም ተራ በተራ ይከተሉታል።