ሳቸል ፔጅ፤ በሩ ሲከፈትለት 42 ዓመት የሞላው ኳስ ወርዋሪ

ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካ ጨዋታ አንባቢዎቻችን ሁሉ አያውቁት ይሆናል። አንዱ ተጫዋች 18 ሜትር ያህል ርቆ ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ ተቃራኒው ዱላ ይዞ ያንኑ ኳስ ለመምታት ይጠብቃል። የቡድኑ ዕድል በብዙው የሚያርፈው በወርዋሪው ክንድ ላይ ነው።

ሊሮይ ፔጅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. በአላባማ፥ በሞቢል ከተማ፥ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ በባቡር ጣቢያ የመንገደኞችን ሻንጣ ይሸከም ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ ለመሸከም እንጨትና ገመድ ስላበጀ፥ ጓደኞቹ ሳቸል፥ ማለት የእጅ ሻንጣ፥ ብለው እንደ ሰየሙት ይነገራል። በ1918 ከትምህርት ቤት በመቅረትና በስርቆት ተከሶ ለጥቁር ልጆች ወደ ተሠራ የጠባይ ማረሚያ ቤት ተላከ። እዚያ በቈየበት አምስት ዓመት ውስጥ አንድ አሠልጣኝ ግራ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ኳሱን ከመቺው ዐይን እየሰወረ መወርወርን አስተማረው። ፔጅ ሙያ ይዞ ወጣ።

በ1926 በቻታኑጋ ከተማ በጥቁሮች ክለብ ተቀጠረ። በታላላቆቹ የነጮች ክለቦች ጥቁር እንዳይጫወት የሚከለክል የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ባለቤቶቹ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በዝምታ ተስማምተው በሩን ዘግተውት ነበር። ያልተጻፈ ሕግ የሚከራከሩበት አንቀጽ እንኳ የለውም። ስለዚህ ፔጅ በበርሚንግሃም፥ በፒትስበርግ፥ በካንሳስ ሲቲ፥ እስከ ዶሚኒካንና እስከ ሜክሲኮ ድረስ እየዞረ ተጫወተ። የውድድሩ ወራት ሲያልቅ ታላላቆቹ ነጭ ተጫዋቾች ለገንዘብ ሲሉ ከሱ ጋር ይጋጠሙ ነበር፤ ችሎታውን በዐይናቸው አይተዋል። በ1938 ክንዱ ታሞ ሥራው ያበቃ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ዳነ።

በ1947 የቀለሙን አጥር ሰብሮ የገባው ጃኪ ሮቢንሰን ሆነ። ሮቢንሰን ከሁለት ዓመት በፊት ከፔጅ ጋር በካንሳስ ሲቲ ክለብ የተጫወተ ወጣት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙ የተጠራው ፔጅ ስለ ታለፈ እጅግ አዘነ። እኛም ባንፈርድበት ይሻላል።

በሚከተለው ዓመት፥ በ42ኛው የልደት ቀኑ፥ የክሊቭላንድ ክለብ ባለቤት ቢል ቪክ አስፈረመው። ሽማግሌ አምጥቶ ገበያ ለመሳብ ነው ተብሎ በጋዜጣ ተነቀፈ። ፔጅ ግን 6 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ በነሐሴ ወር አንድ ማታ እሱን ለማየት 78,382 ሰው ገባ፤ ክለቡም የዓመቱን ዋንጫ ወሰደ። እጁን በመካከል ገታ አድርጎ መቺውን የሚያታልልበትን አወራወር የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከለከሉት።

በ1965 በ59 ዓመቱ ለካንሳስ ሲቲ ቡድን ሦስት ዙር ወረወረ። የክለቡ ባለቤት ለቀልድ የሚወዛወዝ ወንበርና አንዲት አስታማሚ አቅርቦለት ነበር። ከቦስተን መቺዎች ኳሱን በደንብ ያገኘው አንድ ብቻ ነው።

በ1971 ስሙ በኩፐርስታውን የዝነኞች አዳራሽ ይገባል ተባለ፤ ነገር ግን ለጥቁሮቹ የተለየ ክፍል ታስቦ ነበር። ሕዝቡ ስለ ተቃወመ ከሌሎቹ ጋር እኩል ገባ። ሰኔ 8 ቀን 1982 በካንሳስ ሲቲ ዐረፈ። ከሦስት ቀን በፊት በከተማዪቱ አንድ የጨዋታ ሜዳ በስሙ ሲሰየም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ተገኝቶ ነበር።