አና አትኪንስና ሰማያዊው መጽሐፍ

አና አትኪንስ እ.አ.አ. በ1799 በእንግሊዝ አገር ተወለደች። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞቱ ሳይንስን ያስተማሯት አባቷ ነበሩ። በ1842 የቤተሰቡ ወዳጅ ጆን ኸርሽል ወረቀትን ሰማያዊ የሚያደርግ የፎቶግራፍ ዘዴ ሲያገኝ አና ፈጥና ተማረችው።

ካሜራ እንኳ አላስፈለጋትም። የብረት ጨው የተቀባና በጨለማ የደረቀ ወረቀት ላይ የባሕር ተክል ታኖራለች፤ መስተዋት ጭና ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ከዚያ በውሃ ማጠብ ነው። ወረቀቱ ሰማያዊ፣ የተክሉ ምስል ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ከ1843 ጀምራ አሥር ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ገጽ እንዲህ በእጇ እየሠራች፣ በፎቶግራፍ የተዘጋጀ የመጀመሪያው የሚባለውን መጽሐፍ አወጣች። ስሟን ግን ኤ. ኤ. ብላ ብቻ ስለጻፈች፣ በ1871 ከሞተች በኋላ የማን ሥራ እንደሆነ ያልታወቀበት ጊዜ ነበር።

እጩ መምህራን፣ በምንመደብበት ትምህርት ቤት መሣሪያ ላይኖር ይችላል፤ ቅጠል፣ ፀሐይና የገዛ እጃችን ግን መች ይጠፋሉ?