ጥላሁን ግዛው፦ ሕይወቱ፣ ሞቱና የተከለከለው ቀብር

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከእኛ በኋላ ወደዚህ ወደ ሐዋሊ የመጡ ወጣት ተማሪዎች ጥላሁን ግዛው ማን እንደ ነበረ ይጠይቁናል። ስሙን ያልሰማ የለም። ይሁን እንጂ ስለ ሕይወቱ፣ ይልቁንም ከሞተ በኋላ በነበረው አንድ ቀን ውስጥ ስለ ሆነው ነገር የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኛም የሕክምና ተማሪዎች እንደ መሆናችን ነገሩን ቁስለኛ በሚገባበት በር በኩል እናየዋለን።

ጥላሁን የማይጨው ልጅ ነው። የተወለደው ከድኻ ቤት አልነበረም። እህቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዑል መኮንን፣ የሐረር መስፍን ባለቤት ነበሩ። ስለዚህ ጥላሁን ለቤተ መንግሥቱ በጋብቻ ቅርብ የሆነ ወጣት ነበር። ቢፈልግ ኖሮ የተማሪነት ዘመኑን በሰላም ጨርሶ፣ ሹመቱን ተቀብሎ፣ መኪናውን እየነዳ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ሌላውን መንገድ መረጠ። አንዳንድ ሰዎች ይህን የባላባት ልጅ ጨዋታ አድርገው ሊያቃልሉት ሞክረዋል፤ ሕይወቱን የከፈለበትን ነገር ጨዋታ ማለት ግን ለእኛ አይዋጥልንም።

ያ ዘመን የተማሪው እንቅስቃሴ ከዓመት ወደ ዓመት የከረረበት ነበር። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪው መሬት ለአራሹ ብሎ አደባባይ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት በሾላ ታጉረው ስለ ነበሩት ለማኞችና ችግረኞች ጮኸ። በ1959 ዓ.ም. መንግሥት ሰልፍን በፈቃድ የሚወስን ዐዋጅ አወጣ፤ ተማሪውም ያንኑ ዐዋጅ በመቃወም ተሰለፈ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ደግሞ በግቢው ውስጥ የተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ግጭት አስነሣ። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስና ተማሪ ተያይተው የማያውቁ አልነበሩም፤ ዱላውንም፣ አስለቃሽ ጭሱንም፣ ድንጋዩንም በሚገባ ይተዋወቁ ነበር። የሚያሳዝነው ከዚህ ሁሉ ትውውቅ አንድም የመነጋገሪያ ደንብ አለመወለዱ ነው።

ጥላሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ስትራግል የተባለው የማኅበሩ መጽሔት የዋለልኝ መኮንንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ያን ጊዜ ግን መንግሥቱን አስደነገጠ። አዲሱ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ላይ የቆየው ሁለት ወር እንኳ አልሞላም።

እሑድ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የቁልቢ ገብርኤል ዕለት ነበር። በዚያ ምሽት ጥላሁን ከግቢው ብዙም በማይርቀው በአፍንጮ በር አካባቢ ከወዳጁና ከወንድሙ ጋር ሲሄድ በጥይት ተመታ፤ ሕይወቱም አለፈ። ተማሪው ሁሉ መንግሥት አስገደለው ብሎ አመነ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ላስታወሰ ሰው ይህ እምነት የሚያስገርም አይደለም።

በማግሥቱ ሰኞ የሆነው ግን ለፖሊስም፣ ለአስተዳዳሪም፣ ለሐኪምም ትልቅ ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ አስከሬኑን ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ከነበረው ሆስፒታል አውጥተው ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ወሰዱት። መሪያቸውን በክብር በሰልፍ ሊቀብሩት ፈለጉ። መንግሥት አስከሬኑን መልሱ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በጥይት የሞተ ሰው አስከሬን ምስክር ነው፤ ጥይቱ ከየት እንደ ገባ፣ ከምን ያህል ርቀት እንደ ተተኮሰ የሚናገር እርሱ ነው። በዚያች ዕለት ሁለቱም ወገን አስከሬኑን የራሱ ሊያደርገው ተሻማ። በእኛ አስተያየት በመካከል መቆም የነበረበት ሆስፒታሉ ነው፤ ሐኪም የሁለቱም ወገን አይደለምና።

ከዚያ በኋላ ወደ ግቢው የገባው ፖሊስ አልነበረም፤ የክብር ዘበኛ ጦር ነው። ጠብመንጃና ሳንጃ ይዞ ገባ፤ ተኮሰ። በአስከሬኑ ዙሪያ ተሰብስበው ከነበሩት ወጣቶች የሞቱት ሞቱ፣ የቆሰሉት ቆሰሉ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከ20 በላይ የሚሉ አሉ። ግቢው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑት በዚሁ ቤት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ግቢ፣ የዚያው ጦር ጥይት እንደገና ተሰማ።

ለመሆኑ ጦር ለምን ተላከ? ወታደር የሚሠለጥነው ጠላትን ለመደምሰስ ነው። ሰልፈኛን ለመበተን፣ ያዘነን ሰው ለማረጋጋት፣ መውጫ በር ከፍቶ ለማሳለፍ አይደለም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር እንዳልነበረ ለማወቅ ጥቂት ወራት ብቻ ወደ ፊት መሄድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1970 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ በኬንት ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በ13 ሴኮንድ ውስጥ 67 ጥይት ተኩሰው 4 ተማሪዎች ገደሉ፣ 9 አቆሰሉ። ከሟቾቹ መካከል በሰልፉ ያልነበሩ፣ ወደ ክፍላቸው ሲያልፉ የተመቱም አሉ። በኋላ በዊልያም ስክራንተን የተመራው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን ተኩሱ አግባብ እንዳልነበረው ወሰነ። ሀብታም አገርም ቢሆን ወታደሩን በተማሪ ላይ ሲያሰልፍ የሚያገኘው ውጤት ያው ነው።

ሌላው ነገር አጥሩ ነው። ዙሪያውን የታጠረ ግቢ ውስጥ ያለ ሕዝብ ተበተን ቢባል በየት በኩል ይበተናል? ጥይት ባይኖር እንኳ ሕዝብ መውጫ ሲያጣ ይረጋገጣል፤ ደረቱ የተጨፈለቀ ሰው ትንፋሽ አጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ ይህንኑ አይተናል። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ሕዝቡ ሸሸ፣ ገደሉ አጠገቡ ነበር። መንግሥት ራሱ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን አመነ። በ1997ና በ1998 ዓ.ም. ምርጫውን ተከትሎ በተነሣው ሁከትም አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጥሯል። ስድስቱን ፖሊሶች አንረሳም፤ እነርሱም የእናት ልጆች ናቸው፣ ያለ በቂ ሥልጠናና ያለ በቂ መሣሪያ ወደ ሕዝብ የተላኩ ልጆች።

እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፖሊስ ኃይልን ስለሚጠቀምበት ሁኔታ መሠረታዊ ደንቦች አጽድቋል። የጦር መሣሪያ ሕይወትን ከሚያሰጋ አደጋ ለመከላከል ካልሆነ እንዳይተኮስ፣ ከመተኮስ በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ለቆሰለ ሰው ፈጥኖ ሕክምና እንዲደርስለት ያዛል። ይህ የመጨረሻው የእኛ ሙያ ነው። አምቡላንስ የማያሳልፍ የጥበቃ መስመር ሊድን የሚችለውን ቁስለኛ ደሙ ፈስሶ እንዲያልቅ ይፈርድበታል።

በታኅሣሥ 20 ቀን ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት አይቻልም። ቤተ ሰቡ ነበረ፣ ካህናቱ ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ነበረ። የቀብሩን ሰዓትና መንገድ ከማኅበሩ መሪዎች ጋር ተስማምቶ፣ ፖሊስ ራቅ ብሎ መንገዱን እየጠበቀ ቢያሳልፈው ኖሮ ነገሩ በልቅሶ ያልቅ ነበር እንላለን። ሐዘንተኛ አልቅሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልቅሶውን በሳንጃ የተከለከለ ግን ወደየት ይሂድ? በ1962 ዓ.ም. በአንድ ሰው ሞት ያዘነው ተማሪ ብዙዎቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ለውጥ ሳይሆን ስለ አብዮት ማሰብ ጀመሩ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የጥላሁን አስከሬን ከግቢው ተወስዶ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በትውልድ አገሩ በማይጨው ተቀበረ። ጓደኞቹ ሊሸኙት የፈለጉበትን መንገድ አልሄደበትም። ሆስፒታሉ ዛሬ የካቲት 12 ይባላል፤ ከስድስት ኪሎ ግቢ በር በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።