ስለታቸውን ያልረሱት ራስ

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው ሐርላ ገበሬው ሲቆፍር የጥንት ሳንቲምና ጨሌ ያገኛል። ሽማግሌዎች የጥንቶቹ ሐርላዎች ባለጠጋ እንደነበሩ፣ በኩራታቸው እንደጠፉም ያወራሉ። እኛ ደግሞ ዛሬ በዚሁ ምድር ሀብት ኖሯቸው ስለሰጡ ሰው እንንገራችሁ።

ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል በ1844 ዓ.ም ተወለዱ። በ1879 የሐረር ገዥ ሆኑ። ሐረር የንግድ በር ስለነበረች ሥልጣኑም ገንዘቡም በእጃቸው ነበር።

በ1888 ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ፣ በድል ከተመለሱ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩለት ለቅዱስ ገብርኤል ተሳሉ ይባላል። ድሉ ተገኘ። ብዙዎቻችን ጭንቁ ሲያልፍ ስለቱንም እንረሳለን። እሳቸው ግን ቁልቢ ላይ አሠሩ።

በመጋቢት 1898 ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው። የተቀበሩት ሐረር ነው።

አሁን የምናየው ሕንጻ በልጃቸው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሕዝቡ ጃንጥላውን፣ ወርቁን፣ ብሩን ይዞ ይወጣል።

ስለት ከመልአኩ ጋር የሚደረግ ንግድ አይደለም። ያገኘነው ሁሉ የኛ ብቻ እንዳልሆነ ማመን ነው።

እናንተስ፣ ያልከፈላችሁት ስለት አለ?