ቁጥር 44፦ የኧርኒ ዴቪስ አጭር ሩጫ

ኳስ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በእግር የሚመታው ክብ ኳስ ነው። ዛሬ የማነሳላችሁ ሰው ግን የተጫወተው ሌላ ዓይነት ኳስ ነው። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ ኳሱ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተይዞ የሚሮጠው በእጅ ነው። እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋች ያሰልፋል። ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚውን የግብ መስመር ያለፈ ታችዳውን አገባ ይባልና ለቡድኑ 6 ነጥብ ያስገኛል። ሌላው ሕግ ብዙ ነው፤ ለዛሬ ይህቺ ትበቃናለች።

ሰውየው ኧርኒ ዴቪስ ይባላል። እኔ እሱን ያወቅኩት በ2008 በወጣው ዘ ኤክስፕሬስ በተባለው ፊልም ነው። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ስሞክርም ግማሹን የቀዳሁት ከፊልሙ ነበር። በኋላ ግን ወረቀቱን ቀደድኩት። ለምን እንደቀደድኩት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኧርኒ የተወለደው ዲሴምበር 14 ቀን 1939 በፔንስልቬንያ ግዛት ነው። አባቱ እሱ ሳይወለድ በአደጋ ሞተዋል። ስለዚህ ሕፃኑን ያሳደጉት ዩኒየንታውን በምትባል ከተማ የሚኖሩት የእናቱ ወላጆች ናቸው። አያቱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ፤ ኑሮውም የድሃ ኑሮ ነበር። ኧርኒ ልጅ እያለ ንግግር ይይዘዋል፤ ይንተባተባል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ካደገም በኋላ ብዙ የማይናገር፣ ትሑት ሰው የሆነው። 12 ዓመት ሲሞላው እናቱ ወደሚኖሩበት ኤልማይራ ወደተባለች የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ሄደ። እዚያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርጫት ኳስም በፉትቦልም ስሙ ገነነ። የኤልማይራው ፈጣን ባቡር የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት።

እሱን ለመውሰድ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተሻሙ። እሱ የመረጠው ግን በዚያው ግዛት ያለውን ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲን ነው። ካሳመኑት ሰዎች አንዱ ከሱ በፊት እዚያ የተጫወተው ታላቁ ጥቁር ተጫዋች ጂም ብራውን ነው። ኧርኒም ጂም ብራውን ይለብሰው የነበረውን ቁጥር 44 ለበሰ። በዚያን ጊዜ ደንብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበር። ስለዚህ ለዋናው ቡድን መጫወት የጀመረው በ1959፣ ልክ እንደ እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ነው።

ያ የ1959 የውድድር ዘመን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አሰልጣኙ ቤን ሽዋርትዝዋልደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርማንዲ ላይ በፓራሹት የዘለሉ ወታደር ነበሩ፤ ልምምዳቸውም የወታደር ልምምድ ነበር። ቡድኑ ካንሳስን 35 ለ 21 አሸንፎ ጀመረ። ከዚያ ሜሪላንድን 29 ለ 0፣ የባሕር ኃይል አካዳሚን 32 ለ 6፣ ሆሊ ክሮስን 42 ለ 6፣ ዌስት ቨርጂንያን 44 ለ 0፣ ፒትስበርግን 35 ለ 0 ረታ። ትንሽ ያንገዳገደው ፔን ስቴት ብቻ ነው። ፔን ስቴት እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈ ቡድን ነበር፤ ሲራክዩስ ያመለጠው 20 ለ 18፣ በሁለት ነጥብ ልዩነት ነው። ከዚያ በኋላ ኮልጌት 71 ለ 0፣ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ 46 ለ 0 ተሸነፉ። በመጨረሻም ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ ዩሲኤልኤን 36 ለ 8 አሸነፈ።

ደምሩት እስቲ። በ10 ጨዋታ 390 ነጥብ አግብቶ የተቆጠረበት 59 ብቻ ነው። አምስቱ ተጋጣሚዎች አንድም ነጥብ አላገኙም። ኧርኒ በመጀመሪያ ዘመኑ ኳስ ይዞ 686 ያርድ ሮጠ፤ ኳሱን በያዘ ቁጥር በአማካይ 7 ያርድ ማለት ነው። ሲራክዩስ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስፖርት ያገኘው ብቸኛ የአገር ሻምፒዮንነትም ይኸው ነው።

ከዚያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 መጣ። ቡድኑ ኮተን ቦውል ለተባለው ጨዋታ ቴክሳስ ግዛት፣ ዳላስ ከተማ ሄደ። ተጋጣሚው አንድም ጥቁር ተጫዋች ያልነበረው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ኧርኒ ከቀናት በፊት በልምምድ ላይ የኋላ ጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ ነበር። ቢሆንም ተሰለፈ። ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ከጓደኛው የተወረወረለትን ኳስ ይዞ ገሰገሰ፤ በ87 ያርድ ቅብብል የመጀመሪያው ታችዳውን ተቆጠረ። ሌላ ታችዳውንም ጨመረ። ሲራክዩስ 23 ለ 14 አሸነፈ፤ ኧርኒም የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

ማታ የሽልማት ራት ግብዣ ነበር። በአዳራሹ ጥቁርና ነጭ አብረው ራት አይበሉም ነበር። የቀኑ ኮከብ ሽልማቱን ተቀብሎ ወዲያው እንዲወጣ ተነገረው። ቀን በሜዳው ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያየው ሰው ማታ ለራት ወንበር አጣ። ዋንጫ ለመቀበል ተፈቅዶለት እንጀራ ለመቁረስ ግን አልተፈቀደለትም ብንል ይቀለናል።

ኧርኒ ወደ ትምህርቱና ወደ ሜዳው ተመለሰ። በ1960 877 ያርድ፣ በ1961 823 ያርድ ሮጠ። በሦስት ዓመት 2,386 ያርድ ሲሞላ የጂም ብራውንን የዩኒቨርሲቲውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዲሴምበር 1961 ለኮሌጅ ተጫዋቾች ትልቁ የሆነውን የሀይዝማን ሽልማት ተሸለመ። ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ኒውዮርክ ውስጥ አግኝተው እጁን ጨበጡት።

ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ሲገባ ከሁሉ በፊት የመረጠው የዋሽንግተን ቡድን ነው። ይህ ቡድን በሊጉ ጥቁር ተጫዋች ያላሰለፈ የመጨረሻው ቡድን ነበር፤ ፖሊሲውን እንዲለውጥ ያስገደደውም የኬኔዲ መንግሥት ግፊት ነው። ዋሽንግተን ግን ኧርኒን ለክሊቭላንድ ሰጥቶ በምትኩ ቦቢ ሚቸል የተባለውን ጥቁር ተጫዋች ወሰደ። ክሊቭላንድ ደግሞ ጂም ብራውን የሚጫወትበት ቡድን ነው። ሁለቱ 44ቶች ጎን ለጎን ሊሰለፉ ሆነ ማለት ነው። ሕዝቡም ይህን ለማየት ቋመጠ።

ግን ምን ያደርጋል! በ1962 በጋ ለአንድ ጨዋታ ሲዘጋጅ አንገቱ አብጦ ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ የደም ካንሰር መሆኑን ደረሱበት። እሱ ራሱ የበሽታውን ስም ያወቀው ከወራት በኋላ ነው። በኦገስት ወር በክሊቭላንድ ስታዲየም በመብራት ታጅቦ ለሕዝብ ሲተዋወቅ ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ለክሊቭላንድ ግን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በ1963 መጀመሪያ ላይ ራሱን ዕድለቢስ አድርጎ እንደማያይ የሚገልጽ ጽሑፍ በአንድ ታዋቂ መጽሔት አወጣ። ሜይ 18 ቀን 1963 በ23 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑን ለመሰናበት ኤልማይራ ላይ ከ10,000 በላይ ሰው ወጣ። ክሊቭላንድም አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጫወተበትን ቁጥር 45 ማሊያ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይለብሰው አደረገ።

አሁን ወደ ቀደድኩት ወረቀት ልመለስ። ፊልሙ ውስጥ ልብ የሚነካ ትዕይንት አለ። በ1959 ሲራክዩስ ዌስት ቨርጂንያ ሄዶ ሲጫወት ተመልካቹ ጥቁሮቹን ሲሰድብና ዕቃ ሲወረውርባቸው ያሳያል። እኔም አምኜ በአንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩት። በኋላ የውድድር ዘመኑን ውጤቶች አንድ በአንድ ሳያቸው ያ ጨዋታ የተደረገው ዌስት ቨርጂንያ ውስጥ ሳይሆን በሲራክዩስ በራሱ ሜዳ ነው። ፊልሙ ሲወጣ በዚያ ግዛት ቅሬታ ማስነሳቱንም ያወቅኩት ያኔ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ምን ችግር አለው፣ ዘረኝነቱ እንደሆነ ነበረ እኮ አሉኝ። ነበረ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፦ አንዱ ትዕይንት ፈጠራ መሆኑን ያወቀ ሰው የዳላሱን ራትም ፈጠራ ነው ሊል ይችላል። የዳላሱ ደግሞ በእርግጥ ሆኗል። በኧርኒ ላይ የደረሰው በቂ ነበር፤ የማንም ጭማሪ አያስፈልገውም። እኛ ነገ ጋዜጠኛ የምንባል ሰዎች የተበደለን ሰው የምንረዳው በደሉን በማግነን ሳይሆን የሆነውን በሆነበት ቦታና ቀን በማስቀመጥ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ቀኑንና ቦታውን ማጣራት ግን የእኛ ሥራ ነው።